በሽታውን ትተን በሽተኛውን ማሳደድ እስከ መቼ?

ከሰፈራችን ማኅበር ጽሕፈት ቤት
ለተከበራችሁ የማኅበራችን አባላትና ለጊንጪ ከተማ የሰፈራችን ነዋሪዎች በሙሉ፤

በዚህ ሰሌዳ ላይ ስለ ኤች. አይ. ቪ. ምርመራ የሚናገር ማስታወቂያ ለጥፈን እንደነበር ይታወቃል። ሦስት ቀን አልቆየም፤ ተቀደደ። መቀደዱስ ባልከፋ፤ ወረቀት ነው፤ ሌላ ይለጠፋል። ነገር ግን ከመቀደዱ በፊት አንድ ሰው በእስክሪብቶ «እገሊትን ጠይቋት» ብሎ የአንዲት ጎረቤታችንን ስም ጽፎበት ነበር። የጻፈው ልጅ ይሁን ትልቅ ሰው አልተያዘም። ሆኖም ይህን ሰሌዳ የሚያነብ ሰው ስለሆነ ይህንንም ያነበዋል። እንግዲህ ጆሮውን ይስጠን።

እኛ የምንለው አጭር ነው። ዛሬ በዚህ በሽታ ሰው የሚጎዳው መድኃኒት ጠፍቶ አይደለም። ሳይመረመር ስለሚቆይ ነው። ሳይመረመር የሚቆየውም መርፌ ፈርቶ አይደለም፤ የሰፈሩን ምላስ ፈርቶ ነው። ስለዚህ ስም ጽፎ የሚለጥፍ ሰው ቀልደኛ አይደለም። ሰውን ከመድኃኒቱ የሚያባርር ነው። ይህ ከባድ ቃል ነው የሚል ካለ እስከ መጨረሻው ያንብብና ይፍረድ።

በሽታው በአገራችን ከታወቀ 40 ዓመት ገደማ ሆኖታል። የመጀመሪያዎቹ የኤድስ ሕሙማን በአዲስ አበባ የተገኙት በ1978 ዓ.ም. ነው። ያን ጊዜ «አመንምን» ይሉት ነበር፤ ሰውን አመንምኖ አመንምኖ ስለሚገድል። መድኃኒት የሚባል አልነበረም። በኋላም በ1995 እና በ1996 ዓ.ም. ግድም መድኃኒቱ ሲመጣ ገንዘብ ላለው ብቻ ነበር። በነጻ መታደል የጀመረው በ1997 ዓ.ም. ነው። እስከዚያ ድረስ ስንቱን ተሸክመን እንደቀበርን ዕድሜው የደረሰ ሁሉ ያስታውሳል። በዚያ ዘመን ሰው «ባውቀው ምን ይጠቅመኛል፤ አውቄ ከምጨነቅ ሳላውቅ ልሙት» ቢል ይፈረድበት አልነበረም። ዛሬ ግን ያው አባባል ከነአቧራው ተነሥቶ ሲነገር እንሰማለን። ጊዜው ሄዷል፤ እኛ እዚያው ቆመናል ማለት ነው።

ደግሞ ሌሎች አሉ። «ኤድስ እኮ ድሮ ቀረ፣ ጠፍቷል» የሚሉ። ማን አጠፋው? በ2008 ዓ.ም. በአገር አቀፍ ደረጃ በተካሄደው የሕዝብና የጤና ጥናት ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 49 ከሆኑት መካከል ቫይረሱ የተገኘባቸው በገጠር ከ1,000 ሰው 4፣ በከተማ ግን ከ1,000 ሰው 29 ናቸው። ልዩነቱን አስተውሉ። በ2010 ዓ.ም. ደግሞ በከተሞች ብቻ ሌላ ጥናት ተካሂዶ ከ15 እስከ 64 ዓመት ዕድሜ ካላቸው ከ100 ሰዎች 3ቱ ቫይረሱ በደማቸው ተገኝቷል። ሴቶቹ ከ100 ወደ 4፣ ወንዶቹ ከ100 ወደ 2 ናቸው። ጠፋ የተባለው ይህ ነው።

ከዚያ ጥናት ውስጥ አንዱን ነገር ሁሉም ሰው በልቡ ቢይዘው እንወዳለን። ቫይረሱ ካለባቸው 100 ሰዎች ውስጥ እንዳለባቸው ያወቁት 79 ብቻ ነበሩ። ከአምስቱ አንዱ ሳያውቅ ይዞት ይዞራል ማለት ነው። ካወቁት ውስጥ ግን ከ100 97ቱ መድኃኒት ጀምረዋል። ልብ በሉ! ያወቀ ሰው ማለት ይቻላል ሁሉም መድኃኒቱን ይዟል። ጉድለቱ ያለው ማወቁ ላይ ነው። ሰው ወደ ምርመራው በር እንዳይደርስ የሚያደርገው ምን እንደሆነ ደግሞ ከላይ ተናግረናል።

አሁን ወደ ራሳችን አገር እንምጣ። ጊንጪ መንገድ ዳር ያለች ከተማ ናት። ከአዲስ አበባ ወደ አምቦና ወደ ወለጋ የሚሄደው መኪና በደጃችን ያልፋል። ሾፌርና ረዳት ያድራል፤ የጤፍና የድንች ነጋዴ ያድራል፤ ጫኝና አውራጅ ሌሊት ይሠራል። ልጆቻችን ለአበባ እርሻ ወደ ሆለታ፣ ለግንባታ ሥራ ወደ አዲስ አበባ ወጥተው በበዓል ይመለሳሉ። በገበያ ቀን ደግሞ የደንዲ ገጠር ሁሉ እኛ ጋ ነው። ከቤቱ ርቆ የሚያድር ሰው፣ ገንዘብ ኪሱ የገባለት ሰው፣ ማታ አረቄ የቀማመሰ ሰው ኮንዶሙን ይረሳል። በአንድ ጊዜ ሁለት ሦስት ቦታ የያዘ ሰው ደግሞ ከአንዱ ያመጣውን ለሌላው ያደርሳል። የአባላዘር በሽታ ይዞት ሳይታከም የቆየማ ቫይረሱ የሚገባበትንም የሚወጣበትንም መንገድ በሰፊው ይከፍታል። ይህ ሁሉ የሚታወቅ ነው።

በዚህ ላይ ግን አንድ የለመድነው ጨዋታ አለ። ጥፋቱን ሁሉ ቡና ቤት ባሉት ሴቶች ላይ መጫን። «እነሱ ናቸው ያመጡብን» ይባላል። እንጠይቅ እስቲ፤ እነዚያ ልጆች ብቻቸውን ተቀምጠው ነው የሚውሉት? ደንበኛቸው ማነው? ከሰማይ አይወርድም። የዚሁ ሰፈር አባወራ፣ የዚሁ ሰፈር ጎረምሳ ነው። እሷ ብትታመም «ድሮም» ይባላል፤ እሱ ቢታመም «ምች መታው» ይባላል። ይህ ፍርድ አይደለም። አንድን ሰው ለይቶ መኮነን የሚጠቅመው ራሱን ደብቆ ለሚሄድ ሰው ብቻ ነው።

ወንዶችን በተመለከተ ዝም ብለን አናልፍም። አንድ በጣም የተለመደ አነጋገር አለ፤ «ሚስቴ ስታረግዝ ተመርምራለች፤ ነጻ ነች፤ ስለዚህ እኔም ነጻ ነኝ።» ይህ ውሸት ነው! የሚስት ደም የባል ደም አይደለም። አንደኛው ኖሮበት ሌላኛው ሳይዘው ለዓመታት አብረው የሚኖሩ ባልና ሚስቶች አሉ። በየቀኑ የሚተላለፍ አይደለም፤ ዕድል ሆኖ ዛሬ ያልተላለፈው ግን የዛሬ ዓመት ሊተላለፍ ይችላል። እሷ ነጻ ሆና ከተገኘች በኋላ እሱ ሳይመረመር ቢቀር፣ እሷም በእርግዝናው መካከል ወይም ስታጠባ ቢይዛት፣ ያኔ ልጁም ጭምር ነው የሚጎዳው። ቫይረሱ ያለባት እናት ምንም ሕክምና ካላገኘች በእርግዝና፣ በምጥና በማጥባት ጊዜ ከ100 ልጆች ከ15 እስከ 45 የሚሆኑት ይያዛሉ። ሕክምና ካገኘች ከ5 በታች ይወርዳል። እንግዲህ አባትየው «ሚስቴ ተመርምራለች» እያለ ጢሙን የሚያፍተለትለው በልጁ ላይ ቁማር እየተጫወተ ነው።

ይህ የወንዶች ችግር የኛ ብቻ አይደለም። የተባበሩት መንግሥታት የኤድስ ድርጅት እንደሚለው እ.ኤ.አ. በ2023 በዓለም ላይ ቫይረሱ ካለባቸው ለአካለ መጠን የደረሱ ሴቶች ከ100 83ቱ መድኃኒት ሲያገኙ፣ ከወንዶቹ ግን 72ቱ ብቻ ናቸው ያገኙት። ሴቷን እርግዝና ወደ ጤና ጣቢያ ይወስዳታል። ወንዱን የሚወስደው ምንድን ነው? ብዙ ጊዜ ቃሬዛ።

«ተገርዣለሁ» የሚልም አለ። መገረዝ ወንዱ ከሴት የመያዝ ዕድሉን ወደ 60 በመቶ እንደሚቀንስ በደቡብ አፍሪካ፣ በኬንያና በኡጋንዳ በተደረጉ ጥናቶች ታይቷል። ይቀንሳል እንጂ አያስቀርም። ለሚስቱም ዋስትና አይሆናትም።

ደግሞ «መልኩን አይተሽ» የሚሉ አዋቂዎች አሉልን። ወፍሮ፣ ቀልቶ፣ ቦርጭ አውጥቶ ከታየ ነጻ ነው ይሉታል። ይህ በሽታ ከገባ በኋላ ሳይታከም ሰውን እስኪጥለው 8 ዓመት፣ 10 ዓመት ሊፈጅ ይችላል። ያን ሁሉ ጊዜ ሰውየው ያርሳል፣ ይነግዳል፣ ሠርግ ላይ ይጨፍራል። ውስጡ ግን የሰውነቱ ወታደር እያለቀ ነው። ሐኪሞቹ ሲዲፎር ይሉታል፤ በጤነኛ ሰው ደም ውስጥ ከ500 በላይ ነው የሚቆጠረው። ከ200 ሲያንስ አጥሩ ፈረሰ ማለት ነው፤ የሳንባ ነቀርሳው፣ የጭንቅላት ኢንፌክሽኑ፣ ተቅማጡ ሁሉ ይገባል። በዚያን ጊዜ የመጣ ሰው መድኃኒቱ አይሠራለትም ማለት አይደለም፤ ብዙዎች ከዚያ ተነሥተው ቆመዋል። ግን በሩጫ ነው፤ ቲቢው ሊቀድመው ይችላል። ቫይረሱ ካለባቸው ሰዎች ይልቁን ብዙውን የሚገድለው ቲቢ ነው።

ስለ መዘግየት ሲነሣ ታይፎይድን ሳናነሣ አናልፍም። በሰፈራችን ትኩሳት ሁሉ ታይፎይድ ነው፤ ወይም ታይፈስ። ሰውየው ይከሳል፤ መድኃኒት መደብር ሄዶ እንክብል ይገዛል። ለሁለት ሳምንት ይሻለዋል፤ ተመልሶ ይይዘዋል። ሌላ እንክብል። ቀጥሎ «ጨጓራ ነው»፤ ቀጥሎ «ነርቭ ነው»፤ ቀጥሎ «ምች ነው» ተብሎ ዳማ ከሴ ይጨመቅለታል። ዓመቱ ያልፋል። የኤች. አይ. ቪ. ምርመራ ላድርግ ያለ ማንም የለም፤ እሱም አፍሮ፣ ቤተሰቡም አፍሮ። እንዲያው ለነገሩ ደሙ የሚመረመረው ከጣት ጫፍ በምትወጣ ጠብታ ነው፤ ውጤቱም ብዙ ጊዜ አያስጠብቅም፤ ያው ቀን ይታወቃል።

ስለሆነም እነዚህን ምልክቶች ያየ ሰው አይቆይ። ከሁለት ሳምንት ያለፈ ሳል። ያለ ምክንያት ኪሎ መቀነስ። የማይቆም ተቅማጥ ወይም ሌሊት ሌሊት የሚያጠምቅ ላብ። በአፍ ውስጥ የሚጋገር ነጭ ነገር። በተለይ ደግሞ በወጣት ላይ የወጣ አልማዝ ባለጭራ። አልማዝ ባለጭራ ሲወጣ አመድና ቅጠል ፍለጋ የሚሮጥ ሰው ብዙ ነው፤ ለምን በዚህ ዕድሜ ወጣብኝ ብሎ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። አልማዝ ባለጭራ የወጣበት ሁሉ ቫይረሱ አለበት ማለታችን አይደለም። ይመርመር ነው ያልነው። ምልክት የሌለው ሰውም ቢሆን ሥጋት ካለው ምልክቱን ቁጭ ብሎ መጠበቅ የለበትም።

ምርመራውም ቢሆን የራሱ ሰዓት አለው። ትናንት ማታ የተሳሳተ ሰው ዛሬ ጧት ቢመረመር ምንም አይታይም። እስከ 3 ወር ድረስ ላይታይ ስለሚችል ደግሞ መመርመር አለበት። ለጋብቻ አንዴ ተመርምሮ ወረቀቱን ሳጥን ውስጥ ቆልፎ ለሃያ ዓመት የሚመካ ሰው ይህን ይስማ። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ቫይረሱ በደም ውስጥ እጅግ ብዙ ስለሆነ በቀላሉ የሚተላለፈውም ያኔ ነው። የተደፈረች ልጅ ወይም የሌላ ሰው ደም የነካው መርፌ የወጋው ሰው ደግሞ በ72 ሰዓት ውስጥ ከደረሰ የሚከላከል መድኃኒት ይሰጠዋል፤ ከ72 ሰዓት ካለፈ አይሆንም። ልጅቱን ቤት ዘግቶ ሽማግሌ የሚልክ ቤተሰብ ይህችን ሦስት ቀን ነው የሚያቃጥላት።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንመለስ። ከጊንጪ ተነሥቶ መድኃኒቱን ለመውሰድ አምቦ ወይም አዲስ አበባ ድረስ የሚሄድ ሰው ለምን ይሄዳል? እዚሁ እያለ! የታወቀ ነው፤ በጤና ጣቢያው በር ላይ ቆሞ ማን በየትኛው ክፍል ገባ ብሎ የሚቆጥር ሰው ስላለ ነው። «ኦቦ፣ ምን ሆነው ነው እዚያ የታዩት?» «አዴ፣ ያቺ ልጅዎ በየወሩ ምን ታመላልሳለች?» ይህ ለጤና የመጨነቅ ጥያቄ አይደለም። ጧት የተጠየቀው ማታ ቡና ላይ ይወራል። ያ ሰው እንግዲህ የመኪናው ሒሳብ በሞላለት ወር ይሄዳል፤ ባልሞላለት ወር ይቀራል። መንገድ ሲዘጋ ይቀራል። መድኃኒት የሚያቋርጥ ሰው ቫይረሱ እንደገና ይነሣበታል፤ ያም መድኃኒት ሊለመድበት ይችላል። ከዚያ ሲታመም ያው ወሬኛ «ያልኩት ደረሰ» ይላል። ያልከው አልደረሰም፤ ያደረግከው ነው የደረሰው።

ወሬኛው የማያውቀው ሌላም ነገር አለ። መድኃኒቱን በየቀኑ በትክክል የሚወስድና ቫይረሱ በምርመራ እስከማይታይ ድረስ የወረደለት ሰው በግብረ ሥጋ ግንኙነት ለሌላ ሰው አያስተላልፍም። ይህን የዓለም የጤና ድርጅትም አረጋግጦታል። ዛሬ መድኃኒቱ ለብዙዎች በቀን አንዲት ፍሬ ነው። እንግዲህ ለጎረቤቱ የሚያሠጋው የትኛው ነው? መድኃኒቱን በሰዓቱ የሚውጠው ነው ወይስ ተመርምሮ የማያውቀው፣ ሌላውን የሚያማው? በአንድ መሶብ መብላት፣ በአንድ ስኒ መጠጣት፣ እጅ መጨባበጥ፣ ለቅሶ ላይ አጠገብ መቀመጥ አያስተላልፍም፤ ይህን አሁንም በ2010ዎቹ መድገማችን ራሱ ያሳፍራል።

ስለ ጠበልም ጥቂት እንበል፤ ሳንነካው ብናልፍ ይሻለን ነበር፤ ግን ሰው እየተጎዳ ዝም አይባልም። ጠበል መጠመቅን የሚቃወም የለም፤ በጸሎት ቤት መጸለይንም እንዲሁ። የሚቃወሙት መድኃኒቱን ጥሎ መሄድን ነው። ነፍሳቸውን ይማርና አቡነ ጳውሎስ ፓትርያርክ ሳሉ በ1999 ዓ.ም. ጠበሉና መድኃኒቱ እንደማይጣሉ፣ ሕሙማን መድኃኒታቸውን ከጠበሉ ጋር እንዲወስዱ በይፋ መክረዋል። ከፓትርያርኩ በላይ አማኝ ነኝ ብሎ የሰውን መድኃኒት የሚያስጥል ሰው ካለ ለነገሩ ኃላፊነቱን በጽሑፍ ይፈርም።

ሌላም አሳሳቢ ጉዳይ ተጨምሯል። በ2017 ዓ.ም. ጥር ወር የአሜሪካ መንግሥት የውጭ ዕርዳታውን ባቆመ ጊዜ በዚያ ገንዘብ ተቀጥረው በኤች. አይ. ቪ. ሥራ ላይ የነበሩ ብዙ ሠራተኞች ውላቸው እንዲቋረጥ ተደርጓል፤ ጤና ሚኒስቴር እንዲሰናበቱ ያዘዘው 5,000 ያህል ሠራተኞች እንደነበሩ ተዘግቧል። እነዚህ ሰዎች ያቋረጠውን ፈልገው የሚመልሱ፣ የፈራውን የሚመክሩ ነበሩ። ፈላጊው ሲቀንስ ተፈላጊው ራሱ መሄድ አለበት። የሚሄደውን ደግሞ መንገድ ላይ ጠብቀን በዓይን የምናስደነግጥ ከሆነ ማን ይቀራል?

በመሆኑም ኮሚቴው ተነጋግሮ ለመጪው ጠቅላላ ስብሰባ የሚከተለውን ለማቅረብ ወስኗል። የአባልን ወይም የጎረቤትን የጤና ጉዳይ፣ እውነትም ይሁን ሐሰት፣ ያለ ባለቤቱ ፈቃድ ያወራ፣ የጻፈ ወይም በስልክ ያሰራጨ አባል በመተዳደሪያ ደንባችን ላይ ስለ ጠብና ስድብ በተጻፈው መቀጮ እንዲቀጣ፤ ሁለተኛ ከደገመው ጉዳዩ በሽማግሌዎች እንዲታይ። የገንዘቡን ልክ ስብሰባው ይወስነዋል።

ይህን የሰሙ አንዳንድ ሰዎች ከወዲሁ «የሰው አፍ እንዴት ይታሠራል?» ማለት ጀምረዋል። እኛም እንመልሳለን። ቀብር የቀረ አባል ይቀጣል። ድንኳን ሲተከል ያረፈደ ይቀጣል። ወንበር የሰበረ ይከፍላል። ሰው ከሞተ በኋላ ለቀረው ይህን ያህል የምንቆጣ ከሆነ፣ በሕይወት ያለውን ሰው ወደ ቀብር የሚገፋውን ለምን አንቀጣም? መቀጮው ወሬን ጨርሶ ያጠፋል ብለን አይደለም። ወሬኛው ከማውራቱ በፊት ኪሱን አንዴ እንዲዳብስ ያደርገዋል፤ ለጊዜው ይህ ይበቃናል።

ለምርመራ መሄድ ፈልጎ ብቻውን መሄድ የከበደው ሰው ካለ ከኮሚቴው አንድ ወንድና አንዲት ሴት ተመድበዋል። እስከ በሩ አብረው ይሄዳሉ፤ ውጭ ይጠብቃሉ፤ ውጤት አይጠይቁም። ለማን እንደሄዱም በመዝገብ አይጻፍም። ባልና ሚስት አብረው ቢሄዱ ይመረጣል። ደርግ በነበረ ጊዜ ለክትባት ሰልፍ የወጣ ሰፈር ዛሬ ለዚህ ቢወጣ ማንም አይስቅበትም።

በመቀጮው ጉዳይ የድጋፍም ሆነ የተቃውሞ ሐሳብ ያለው አባል እስከ ስብሰባው ዋዜማ ድረስ በቃልም በጽሑፍም ለጽሕፈት ቤቱ ያቅርብ። ስም መጻፍ አያስፈልግም። ስብሰባው የወሩ የመጨረሻ እሑድ ከጠዋቱ 3 ሰዓት በማኅበሩ አዳራሽ ይጀመራል፤ የቀረ እንደ ወትሮው ይቀጣል።

የማኅበሩ ጸሐፊ፣ ስለ ኮሚቴው